ያልተነበበ አይገባም

ማክሰኞና ዓርብ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጠራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። የሚደውልልኝ ኖላዊ ነው፣ ከቆቦ። እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሰላምታ አያበዛም። «እህት ዓለም፣ ተቀምጠሻል?» ይለኛል። «ተቀምጫለሁ» እለዋለሁ። ጉሮሮውን ይጠርግና ማንበብ ይጀምራል።

የሚያነብልኝ ኮድ ነው። «የቦዩ ውሃ ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ከበር አንድ እስከ በር ዘጠኝ... ካልሆነ ግን...» እያለ መስመር በመስመር ይወርደዋል። በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤቴ ኤልዳና ለሁለት ዓመት ያህል የንስሐ አባቴ በስልክ ጸሎት የሚያደርሱልኝ መስሏት ኖራለች። እውነቱን ስነግራት ይባስ ብላ አዘነችልኝ።

«ሰው ነው የጻፈው? በእጁ?»

«በእጁ።»

«ምነው፣ አመንጪ የላችሁም እንዴ?» አለችኝ፣ ሳሙና የላችሁም እንዴ በሚል ድምፅ።

አመንጪ የሌለው ሰው የለም። ድሮ ስሙ ረጅም ነበር፤ አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባል ነበር። አሁን ሕፃኑም ሽማግሌውም አመንጪው ነው የሚለው። የቀበሌውን ደብዳቤ አመንጪው ይጽፋል፣ መልሱንም የእኛው አመንጪ ይጽፋል፤ ሁለቱ ተስማምተው ሲጨርሱ ለእኛ ይነገረናል። እናቴ ስታርፍ መቶ ሠላሳ የሐዘን መግለጫ ደረሰኝ፤ ሁሉም የሚያምር፣ ሁሉም እናቴን በስሟ የሚጠራ። የላኩት ሰዎች ግን ምን እንደላኩ አያውቁም ነበር። ለቅሶ ቤት አግኝቻቸው ሳመሰግናቸው ግር ይላቸዋል። «ማን ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ከሆነ ቆይቷል፤ የሰው ገመና መግለጥ ነው።

በሥራ ሰዓት እኔ አጽዳቂ ነኝ። ሕጉ አመንጪው የሠራውን ሁሉ ሰው ይየው ይላል፤ ሰው ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ይመጣል፤ የመድኃኒት ማከፋፈያ ይሁን፣ የመንገድ መብራት፣ የተማሪዎች ምደባ። ሰባት ሰከንድ ዓይኔን አሳርፍበታለሁ፤ ከዚያ ካነሰ ይመልሰዋል። ቀጥሎ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን እነካለሁ። በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተስማማሁም ብዬ አላውቅም። አልተስማማሁም የሚል ቁልፍ አለ፣ የለም አልልም፤ ግን ሲነካ ምክንያት ይጠይቃል፣ ምክንያቱንም የሚጽፈው አመንጪው ነው።

እንዲህ ውዬ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲደርስ ምን እንደሚሰማኝ ገምቱት።

ማኅበራችን «ተራ» ይባላል፤ የምንሠራው ሶፍትዌርም ስሙ ያው ተራ ነው። ነፃ ሶፍትዌር ነው። ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል፤ የሚያነብ ሰው ጠፋ እንጂ። ሥራው በመስኖ ቦይ ላይ ያሉትን በሮች በየተራቸው መክፈትና መዝጋት ነው። ድሮ ይህን የሚሠራ የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ ነበር። ውሃ ለማን መቼ እንደሚደርስ እሱ ይወስናል፣ ተበደልኩ ያለ ሰው ደጁ ሄዶ ይጮህበታል። ተራን የጀመሩት ጋሽ ባሮክ ሽማግሌው ቢቀር ጩኸቱ እንዲቀር አልፈለጉም። ስለዚህ በየበሩ ላይ የስልክ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ተመታ። ውሃ የቀረበት ገበሬ ይደውልና «የማን እጅ ነው?» ይላል። መስመሩን የጻፈው ሰው ያነብለታል፣ ለምን እንደዚያ እንደጻፈም እስኪገባው ድረስ ያስረዳዋል። ገበሬው ከረታ መስመሩ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚረቱት እነሱ ናቸው።

ደንባችን ከዚህ የወጣ ነው። ያልተነበበ አይገባም። የጻፈ ሰው ለሌላ አባል በገዛ ድምፁ ያነባል፤ ሰሚው የገባው እንደሆነ «ሰማሁ» ይላል፤ የሁለቱም ስም ይሰፍራል። ጻፊና ሰሚ አንድ ሰው አይሆንም። ከአመንጪ የመጣ መስመር አይገባም። በደህናው ጊዜ ሁለት መቶ አሥር አባላት ነበርን፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ቀርተናል። ኖላዊ ጻፊ ነው። እኔ ሰሚው ነኝ።

ኖላዊ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አባቱ የአካባቢው የመጨረሻው የውሃ አባት ነበሩ። አጻጻፉ ንጹሕ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። ለኖላዊ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ እንደ አገሩ ገበሬ። የቦዩ በሮች ግን ቀን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ የሚደርሰውን ሰው ምንጊዜም በተሳሳተ ቀን ይጽፈዋል፤ የሐሙሱን ሰው የረቡዕ ያደርገዋል። እንደዚያው ቢገባ ገበሬው ተኝቶ ውሃው በከንቱ ይፈሳል።

«ቆይ፣ ኖላዊ» እለዋለሁ። «ቀን መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ፀሐይ ስትወጣ ነዋ፣ እህት ዓለም!»

«በማን አገር?»

«በፈጣሪ አገር።»

እስቃለሁ። እሱም ይስቃል። ሳቁ ወሬ ያመጣል፤ ጓሮው ስላለችው ማንጎ፣ ዘንድሮም አበባዋን ንፋስ እንዳራገፈባት፣ የድሮ ተማሪው ሚኒስትር ሆኖ ማካፈል እንዳልቻለ። የሃያ ደቂቃው ንባብ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን ሰው ማንም እንዲመክርብኝ አልፈልግም ነበር።

በአካል ተያይተን አናውቅም። ከኮምቦልቻ ቆቦ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ምክንያት አጣሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ ፈራሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እህት ዓለም ሲለኝ ኖሮ፣ ደጁ ላይ ቆሜ እህትህ አይደለሁም ልበለው? ሚስቱ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔም ከባሌ ከተለያየሁ ከዚያ ይበልጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት የእኔ ነገር ነው። ማክሰኞ ሲያልፍ ዓርብን እናፍቃለሁ፣ ዓርብ ሲያልፍ ማክሰኞን፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጃገረድ ስልክ ዳር እቀመጣለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ኖላዊ ሦስት ሳምንት ጠፋ። መስከረም ላይ ሲመለስ «ወባ ናት፣ አታስቢ» አለኝ። ድምፁ ትንሽ ደክሞ ነበር። ማንበብ ጀመረ። «በር አሥራ አራት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት...» ሲል ፈገግ ብዬ ጠበቅኩት፤ «ቆይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሷል። «...ሐሙስ» አለ።

ትክክል ነበር። የሚታረም ነገር የለውም።

«ሰማሁ» አልኩ። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ዘጋን። ሰዓቱን ሳየው አሥራ ሁለት ከሃያ ነው። ቀሪውን ምሽት ምን እንዳደርገው ግራ ገብቶኝ ንጹሕ ሳህን ሳጥብ አመሸሁ።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ አሥራ አንድ ለውጦችን አነበበልኝ። አንድም ስህተት የለባቸውም። ጠርጥሬያለሁ፣ አልክድም። ሃያ ሁለት ዓመት አመንጪው የጻፈውን ሳጸድቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ልስላሴ ሳላየውም አውቀዋለሁ። ግን ብጠይቀውስ? እውነት ሆኖ ቢገኝ ንባቡ ይቆማል፣ ማክሰኞም ዓርብም ይቀራል። ስለዚህ አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁ አልኩ።

በዚያው ሰሞን አሜን ሐሳብ አቀረበች። አሜን የደሴ ልጅ ናት፣ ከአባላቱ ሁሉ ታናሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ሐሳቧ ተራ ከአመንጪ የመጣ ኮድ ይቀበል፣ ንባቡም ይቅር የሚል ነበር፤ አመንጪው የጻፈውን ራሱ ያመሳክረዋል። ድምፅ የሚሰጠው ታኅሣሥ ሦስት፣ እሁድ እንዲሆን ተወሰነ።

ከእሁዱ በፊት በነበረው ረቡዕ፣ ከሥራ እንደገባሁ የማላውቀው ስልክ ተደወለ።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ። በር ሃያ ሰባት ነኝ» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። አቶ ጧሂር ይባላሉ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ሽንኩርት ያለሙ ገበሬ። «የመጀመሪያውን ስም ብደውል ብደውል አያነሳም። ሁለተኛ የተጻፈው ያንቺ ነው። ሦስት ተራ ሙሉ ውሃ አልመጣልኝም። ጎረቤቴ ይጠጣል፣ እኔን ይዘለኛል። ሽንኩርቴ አንገቱን ደፋ። የማን እጅ ነው?»

መስመሩን ፈልጌ አወጣሁት። መስመር ስድሳ ሁለት ነው፣ ከአሥራ አንዱ ለውጦች በአንዱ ውስጥ። አነበብኩላቸው። «የቦዩ ውሃ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ከአንድ ጥማድ ያነሰ ማሳ ተራው ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፍ።»

«ለምን?» አሉኝ።

ያንን መስመር ሰማሁ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሲነበብ ስለ ምን አስብ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ወሬ ይመጣ ይሆን እያልኩ ነበር።

«ጠይቄ ልደውልልዎ» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ መልስ ካለው እጠብቃለሁ። የላይኛው ቦይ ላይ ያሉት የወንድሜ ልጆች በአመንጪ ነው ውሃቸው የሚከፈተው። ሲጠይቁ ጸድቋል ይሏቸዋል። ጸድቋል ብሎ መልስ አለ በአላህ? ያቺን አጽዳቂ ባገኛት...»

አጽዳቂዋ እኔ ልሆን እንደምችል አልነገርኳቸውም።

ለኖላዊ ደወልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ ስደውልለት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ዛሬ ረቡዕ እኮ ነው» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አውቃለሁ። መስመር ስድሳ ሁለት። ትንሹ ማሳ ለምንድን ነው የሚዘለለው?»

ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲንጫጫ፣ ሰው በርቀት ሲጣራ ይሰማኛል።

«እህት ዓለም፣ አላውቅም።»

«ማን ነው የሚያውቀው ታዲያ?»

«ማንም።» ትንፋሹን ሳበ። «ነሐሴ ላይ ወባ አልነበረም። ስትሮክ ነው። ትንሽ ናት አሉኝ። እጄም እግሬም ደህና ነው፤ ማንበብም እችላለሁ። መጻፍ ስጀምር ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ተመልሼ እሱን አያለሁ። ሦስተኛው ይጠፋኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጻፊ ካልሆንኩ በምን ብዬ እደውልልሻለሁ?»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅኩ። «ስህተትህም አብሮ ጠፋ» አልኩት። «የቀኑ ነገር። እሱ ነበር ያሳሰበኝ።»

«ያ ስህተት መስሎሽ ኖሯል?» አለኝ፤ በዚያ ሁሉ መሃል ሳቅ ቢጤ ነገር ድምፁ ውስጥ ገባ። «ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ይሳሳታል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንቺ ቀን መቼ ነው የሚጀምረው እንድትይኝ ነው።» ቀጠለ። «አመንጪው ሲጽፍልኝ ስህተቱንም አስገባልኝ ልለው አሰብኩ። አፈርኩ።»

እንባዬ መጣ። ድምፄ እንዳይሰማበት ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ስመልሰው «ነገ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ» አልኩት።

«አትምጪ። መጀመሪያ የምታይኝ በዚህ ውርደት አይሁን። እሁድ ራሴ እናገራለሁ። እስከዚያ ዝም በይልኝ።»

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ አልጠራም። ኤልዳና በሩን አንኳኩታ «ዛሬ ጸሎት የለም?» አለችኝ። ዛሬ የለም አልኳት። ተቀምጬ ነገሩን ገለባበጥኩት። የአሜን ሐሳብ ካለፈ ኖላዊ ያጠፋው ጥፋት መሆኑ ይቀራል፤ አሥራ አንዱም እንዳሉ ይቆያሉ፣ ማንም አይቀጣውም። ግን ንባብ የለም። የአሜን ሐሳብ ከወደቀ አሥራ አንዱ ይነቀላሉ፣ ኖላዊም እንዳይጽፍ ይታገዳል። ያኔም ንባብ የለም። በየትኛውም በኩል ማክሰኞ የለችም። በእጄ የቀረው እሱን ከውርደት ማዳን ነው፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ይግባ ማለት። በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ የምለው ነገር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኛችንም በስልክ ተሰበሰብን። በማኅበራችን ድምፅ የሚሰጠው በአባልነት ዘመን ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው፣ ታናናሾቹ የታላላቆቹን አፍ አይተው እንዳይናገሩ። ጋሽ ባሮክ ሰብሳቢ ስለሆኑ ድምፅ የላቸውም። ስምንቱ እኩል ከተካፈሉ የነበረው ደንብ ይጸናል።

አሜን ጀመረች። ይህች ልጅ ክፉ አይደለችም፤ ማንም እንዳይመስለው። «አርባ ሦስት ጥያቄ ተቆልሏል» አለች። «ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ። ዘጠኝ ነን፣ ሰባታችን ከሃምሳ ዓመት በላይ። እናንተ ስታልፉ ተራም ያልፋል። ነፃ ነው እንላለን፤ ለማን ነው ነፃ የሆነው? ለሌለ አንባቢ? ይግባ።» ቀጥሎ ይግባ፣ ይግባ። አይግባ። ይግባ። አይግባ። አራት ለሁለት።

«ኖላዊ» አሉ ጋሽ ባሮክ።

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«አለሁ» አለ። «ከመስከረም ወዲህ በስሜ የገቡት አሥራ አንዱ የእኔ አይደሉም። አመንጪው ነው የጻፋቸው። ታምሜ ነበር። መታመሜን መናገር ሲገባኝ ደበቅኩ። በር ሃያ ሰባት ላይ ያለ ሰው ሦስት ተራ በእኔ ምክንያት ውሃ አጥቷል፤ ለምን ሲለኝም የምመልስለት የለኝም። አይግባ።»

መጀመሪያ የተናገረችው አሜን ናት፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «ጋሽ ኖላዊ፣ ይሄው እኮ ነው የምለው! ተፈቅዶ ቢሆን መደበቅ ያስፈልግዎት ነበር? አመንጪው እጅ ሆነልዎት። የታመመ ሰው እጅ አይኑረው ነው የምንለው?»

እኔ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

«ሃሴት» አሉ ጋሽ ባሮክ። ተራዬ ነበር። አራት ለሦስት።

«አሜን እውነቷን ነው» አልኩ። «ግን አቶ ጧሂር ደውለው የማን እጅ ነው ሲሉኝ የማሳያቸው እጅ አጣሁ። ኖላዊ ብቻውን አይደለም የዋሸው። ሰማሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። አልሰማሁም። የሰማሁት ድምፁን ነው።» እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቀጠልኩ። «ድምፁን ለመስማት ስል መስመሩን አሳለፍኩ። አይግባ። ሰማሁ ያልኩትም ሁሉ ይነቀል።»

አሜን «ወይኔ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ጋሽ ባሮክ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ንግግራቸው ዘገምተኛ ነው። «አራት ለአራት። የነበረው ይጸናል» አሉ። «በር ሃያ ሰባትን እኔ ራሴ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሥራ አንዱ ይነቀሉ። ጻፊው ለአንድ ዓመት አይጽፍም፣ ሰሚዋ ለአንድ ዓመት አትሰማም። ደንቡ የሚለው ይህን ነው።» ቀጥለውም ጨመሩበት። «ከዚህ ሌላ የሚከለክለው የለም።»

ለምን እንደጨመሩት ያን ዕለት አልገባኝም። ስልኩን ዘግቼ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

የገባኝ በማግስቱ ሥራ ላይ ነው። የሆነ ከተማ የቆሻሻ መኪና ምደባ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰባቱን ሰከንድ ስቆጥር። እሱ አይጽፍም። እኔ አልሰማም። እኔ እንዳልጽፍ ግን ማን ከለከለ? እሱስ እንዳይሰማ? ጋሽ ባሮክ ሽማግሌው! ሰባቱ ሰከንድ አልፎ ሃምሳ ሆኖ ነበር፤ ስክሪኑ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም ነበር። ጣቶቼ ሰነፉ፣ ሐሳቤ ቀድሟቸው ይሄድና ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሰርዤ ደግሞ ጻፍኩ። የጻፍኩት በመስመር ስድሳ ሁለት ምትክ የሚገባውን ነው፤ ውሃ ሲያንስ ትንሹ ማሳ ይቅደም የሚል፣ ምክንያቱም ትልቁ አንድ ተራ ቢጠማ ይችላል። አቶ ጧሂር ለምን ቢሉኝ እመልሳለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ጨረስኩት።

መስመር አርባ አንድ የበር ሃያ ሰባትን ሰዓት የሚናገረው ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። እዚያ ላይ እጄን አቆምኩ። ሐሙስ ነው ትክክሉ። ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ።

ከጻፍኩት በኋላ ፈራሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ የመጀመሪያው ይጠፋኛል ብሎኛል። ካልሰማውስ? ካልሰማው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ሰው ከስልኩ ወዲያ የለም ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ በገዛ እጄ ፈትኜ ማወቄ ነው። ልሰርዘው ጣቴን አስጠጋሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ተውኩትና ደወልኩ።

ብዙ ጠራ።

«ማክሰኞ ነው» አልኩት ሲያነሳ።

«እንዳልጽፍ ታግጄ የለ?»

«እንዳትጽፍ ነው የታገድከው። ተቀምጠሃል?»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። «ተቀምጫለሁ» አለ፣ ድምፁ ጥግ ጥጉን እየሄደ።

ማንበብ ጀመርኩ። በገዛ ድምፄ የራሴን መስመር ለሰው ሳነብ እንዲህ እንደሚያሳፍር ረስቼው ነበር፤ ልብስ አውልቆ የመቆም ያህል ነው። ሠላሳ ደረስኩ። አርባ ደረስኩ። «በር ሃያ ሰባት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ረቡዕ» አልኩና ጥቂት ቆየሁ።

ምንም የለም።

አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። ትንፋሹ ይሰማኛል። አርባ አራትን ሳነብ ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ግድግዳው ወዲያ ኤልዳና ቴሌቪዥኗን ቀንሳለች። አርባ አምስት። እንግዲህ ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ አንብቤ እጨርሳለሁ፣ ሰማሁ ይለኛል፣ እኔው ነገ ቀኑን አስተካክለዋለሁ፣ መቼም አልነግረውም።

«ጠፋብኝ» አለ። «ትንሽ ወደ ኋላ መልሺኝ። አንድ ነገር አለፈኝ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ያዝ ለቀቅ አደረገኝ።»

ከሠላሳ ዘጠኝ ጀመርኩለት። ቀስ ብዬ። አርባ። አርባ አንድ።

«ቆይ» አለ።

ቆየሁ።

«ቆይ፣ ሃሴት» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሜን ጠርቶት አያውቅም። «ቀን መቼ ነው የሚጀምረው?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ፀሐይ ስትወጣ ነዋ» አልኩት።

«በማን አገር?» አለ፤ ግን ሳቁ ቀድሞት ጥያቄውን አልጨረሰውም። ሳቅን። ረጅም ጊዜ ሳቅን። ከዚያ ረቡዕን ሰርዤ ሐሙስ ብዬ ጻፍኩና፣ ደንቡ እንደሚለው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩለት።